ለአባ ገላና፣ ስለ ሰንቡኩ ውኃ

አባ ጉዲና፣ አካም ጅርታ?

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ አንድም ቀን አልጻፍኩልህም። ምን ብዬ ልጻፍልህ? ዝናቡ ጠነከረ፣ ጎመኑ አማረ፣ ጉልበቴን ቆረጠመኝ ልበልህ? ይኼን ሁሉ በሕይወት ሳለህም ስነግርህ እያንቀላፋህ ነበር የምትሰማኝ። ዛሬ ግን ብትተኛም እቀሰቅስሃለሁ። አንተ ሰው፣ ስማኝ! ሳሊም መጣ!

አዎ፣ ሳሊም። የመርከቡ ሳሊም። "እንደኔው ሎሌ የነበረ ልጅ" እያልክ ስታወራልን፣ እኛ ደግሞ ጥርሳችንን ስንገልጥብህ የነበረው ሳሊም። በሁለት እግሩ ነቀምቴ ድረስ መጥቶ፣ ጨለለቂ ያለው ቤታችን ገብቶ፣ አንተ ትቀመጥበት በነበረው በርጩማ ላይ ተቀምጦ አንጮቴ በላ! ያውም ሁለቴ አስጨመረ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ እያነበብኩ ነው የምጽፍልህ። ፊደል ስላልቆጠርክ፣ ወረቀት ባነሳሁ ቁጥር "በልብሽ አታንብቢ፣ እኔም ልስማው" ትለኝ አልነበር? ጎረቤት "አስካለ ብቻዋን ማውራት ጀመረች" ቢል ይበል። ምስኪን አባቴ ዳዊት ያስደገመኝ ለካ ለዚህ ቀን ኖሯል።

ወደ ሳሊም ከመሄዴ በፊት የቤቱን ወሬ ላስቀድም፤ ሳልነግርህ ባልፍ ትቆጣለህ። ማድ ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ። ዝናብ ሲመታው ጆሮ ያደነቁራል፤ ቢሆንም አያፈስም። ላሚቱ ወለደች፣ እንደ ልማዷ ጥጃዋን አላስነካ አለች። ልጃችን ጉዲና የመምህርነት ሥራው ወደ ጊምቢ ተዛውሮ ነበር፤ ደጅ ጠንቶ፣ ለምኖ፣ ተመለሰልኝ። ሚስቱ ጫልቱ ወንድ ልጅ ወለደች! ፊቱ ቁርጥ አንተን ነው፣ ግንባሩ ሳይቀር። ስሙን ማን እንዳልነው ኋላ እነግርሃለሁ፤ ከወዲሁ አትጠይቀኝ።

አሁን ታሪክህን ልድገምልህ። አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔም ስሰማህ እንደነበር እንድታይልኝ ብዬ ነው። እየሳቅኩም ቢሆን ሰምቼሃለሁ።

ጣልያን ከመምጣቱ በፊት፣ የአሥራ አንድ ወይ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለህ፣ ገበያው ዳር በነበረው የአረብ ሱቅ ተላላኪ ነበርክ። እናትህ ሞታለች፣ አባትህ ሌላ አግብቷል። አረቡ ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ሲመለስ "ከእኔ ጋር ትሄዳለህ?" አለህ፤ የት እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ "እሄዳለሁ" አልክ። እስከ አዲስ አበባ ከሲራራ ነጋዴዎቹ በቅሎዎች ኋላ ኋላ በእግርህ፣ ከዚያ እስከ ጅቡቲ በባቡር። እዚያ ስትደርሱ አረቡ ለአንድ ዘመዱ አስረከበህ። የዘመዱ ሥራ በባሕር ላይ ነበር፤ ሰንቡክ የሚሏት፣ በነፋስ የምትሄድ ባለ ሸራ የእንጨት መርከብ አለችው። ሰንቡክ ላይ አለቃው ናኹዳ ይባላል። ናኹዳው ይኸው ዘመዱ ራሱ፣ የሳሊም አጎት ነበር። አንተና ሳሊም እኩያሞች፣ ሁለታችሁም ሎሌ።

ሥራው ደግሞ ሥራ እንዳይመስልህ ትለን ነበር። አሸዋ በተሞላ ሣጥን ላይ እሳት አንድደህ ለሃያ ሰው ቂጣ ትጋግራለህ። መርከቧ ሆድ ውስጥ የሚሰርገውን ውኃ በጣሳ እየጨለፍክ ወደ ውጭ ትደፋለህ፤ ስትደፋ ይሰርጋል፣ ሲሰርግ ትደፋለህ። ሸራው ገመዱ ላይ ሲጠመጠም እንደ ጉሬዛ ምሰሶው ላይ ትወጣለህ። ዕንቁ ፍለጋ የሚጠልቁት ሰዎች ብርድ አንቀጥቅጧቸው ሲወጡ ጀርባቸውን ታሻለህ። ደግሞ ያ የዓሣ ዘይት! መርከቧን ከውጭ የምትቀቡት የዓሣ ዘይት ሽታ ዕድሜ ልክህን ከአፍንጫህ አልወጣ ብሎ፣ ጉዲና አንድ ቀን ከወንዝ ዓሣ ይዞ ቢመጣ ቤት ጥለህ የወጣኸው ሰውዬ!

እኔን የሚገድለኝ የመጀመሪያው ቀን ታሪክ ነው። ምሳ ሲቀርብ አንተ ሆዬ፣ እንደ አገርህ ወግ፣ ታላላቆች ሊበሉ ነው ብለህ ከበርሜሉ እየቀዳህ ለሃያውም ሰው እጅ አስታጠብካ! ያውም እንደኛ አገር አስተጣጠብ፣ እየደገምክ፣ እስከ ክርናቸው። ስምንት ወር ዝናብ የሚወርድበት አገር ያደገ ልጅ ውኃ እንደሚቆጠብ በምን ይወቀው? እነሱም የነገሥታት ግብር ላይ የተቀመጡ መስሏቸው እጃቸውን ዘርግተው ታጠቡ። ናኹዳው ከወደ ኋላ መጥቶ ሲያይ የሦስት ቀን የመጠጥ ውኃ ወለሉ ላይ ይፈሳል። በጆሮህ ይዞ አነሳህ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መርከበኞቹ "በውኃ የሚጫወተው የደጋ ልጅ" አሉህ።

ሁለተኛው የውኃ ታሪክ ግን አያስቅም። መርከቧ ከደሴቶቹ መካከል ርቃ ሄዳ ሳለ፣ የበርሜሉ ውታፍ ላልቶ የመጠጥ ውኃው በሙሉ ፈሰሰ። አንተና ሳሊም ነበራችሁ ውኃውን በየተራ የምትጠብቁት። አንተ እንዲህ ብለህ ነበር የምትነግረን፤ "ውታፉን አላልቼ ውኃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። በገመድ ተገረፍኩ፣ ይገባኝ ነበር። ሁለት ቀን የእኔን ድርሻ ሲከለክሉኝ ሳሊም ከራሱ ጉንጭ አጠጣኝ። ሳሊም ባይኖር ሞቼ ነበር።" ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ አንድ ቃል አትጨምርም፣ አንድ ቃል አትቀንስም።

ማን ይመንህ? ነቀምቴ ላይ ባሕር ያየ ሰው ማን አለ? ጎረቤታችን ኦቦ ተርፋሳ፣ ቡና የሚገዙት፣ እንደልማዳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው፣ "ቆይ እስቲ! ውኃ ላይ ቁጭ ብላችሁ ውኃ ጠማችሁ? አጎንብሳችሁ አትጠጡም እንዴ?" ይሉሃል። "ውኃው ጨው ነው" ትላቸዋለህ። "ጨው ከሆነማ ሆራ ነው በለኛ! ሆራን የመሰለ ነገር የት ይገኛል! ና ከብቶቻችንን ይዘን እንውረድ!" ሲሉ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ከብት የሚወፍርበት የሆራ ምንጭ እንጂ ሰው የሚገድል ጨው ውኃ በአገራችን ማን ሰምቶ! ስም አወጡልህ፣ "አባ ገላና"፣ የባሕር ጌታ። ገበያ ስንሄድ የማያውቁን ሕፃናት እንኳ "አባ ገላና! መርከቡ የት ቆመ?" እያሉ ይከተሉን ነበር። አንተ ትስቅ ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ አፍር ነበር።

እውነቱን ልንገርህ አይደል ዛሬ? ጀርባህ ላይ ያሉትን ሦስት ጠባሳዎች አውቃቸዋለሁ። ስንቴ በቅቤ አሽቻቸዋለሁ! ኦቦ ተርፋሳ ግን ሰው ፊት ሳይሆን ጥግ ይዘው፣ "ልጁ አረቡን ሲሰርቅ ተይዞ የተገረፈበት ነው፣ ባሕር የሚለው ይኼንን ለመሸፈን ነው" ብለው ለአንዷ ተናገሩ። አንዷ ለሌላዋ፣ ሌላዋ ለእኔ። እኔም አልጣልኩትም። አባ ጉዲና፣ አልጣልኩትም። አላመንኩም፣ ግን ጆሮዬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ከዚያ የጉዲና ሠርግ መጣ። የጫልቱ ወገኖች ከጊምቢ ሃያ ሰው ሆነው፣ ካባቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። አንተ ደስ ብሎህ የውኃውን ታሪክ ጀመርክ፣ ኦቦ ተርፋሳ የሆራቸውን ቀልድ መዘዙ፣ አማቾቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የኔን ጉድ ታስታውሳለህ። ከጓዳ ወጥቼ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እባክህ ይብቃህ! ባንተ ውሸት እኛ ስንት ዘመን እንፈር?" አልኩህ። "እሺ" አልክ። እሺ ብቻ። ብርሌህን አስቀምጠህ፣ ለእንግዶቹ ጠጅ ይጨመር አልክ።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖርክ። ሰባት ዓመት ሙሉ "ባሕር" የምትል ቃል ከአፍህ ሳትወጣ ሞትክ። እኔ ደግሞ፣ አይ ጉዴ፣ "እሰይ፣ ባሌ ሰው ሆነልኝ" ብዬ ለጎረቤት አወራሁ። እሰይ ያለች ምላሴ ትቆረጥ!

እንግዲህ አሁን ባለፈው ወር የሆነውን ስማ። የገበያ ቀን ነው፣ ጓሮ ሆኜ አንጮቴ እቆፍራለሁ። ሸምሱ፣ ጉራጌው ባለሱቅ፣ እየሮጠ መጣ። ሱቁን ክፍት ትቶ! ሸምሱ ሱቁን ክፍት ትቶ ሲሮጥ በሕልምህ አይተህ ታውቃለህ? እሳት ተነሳ ብዬ መቆፈሪያዬን ጣልኩት። "እትዬ አስካለ! አንድ ሽማግሌ አረብ ከአውቶቡስ ወርዶ 'ስለ ባሕር የሚያወራውን ሰውዬ አሳዩኝ' ይለኛል! 'አባ ገላናን ነው?' ብለው 'አዎ፣ እንደዚያ ነው ስሙ' አለኝ!"

ለካ ሳሊም አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ሱቅ ከከፈተ ዓመታት ሆኖታል። ከወለጋ ቡና ጭኖ የመጣ ሾፌር ባገኘ ቁጥር ስምህን እየጠራ "ደበላ የሚባል ሰው ታውቃለህ?" ይላል። ደበላ የሚባል በወለጋ ስንት ሺህ አለ! አንዱ ሾፌር ግን፣ "እኛ ከተማ ስለ ባሕር እያወራ ሰው የሚስቅበት አንድ ሽማግሌ ነበር፣ አባ ገላና ይሉታል" አለው። አየህ የእግዜርን ሥራ! ሊያዋርዱህ ያወጡልህ ስም መንገድ መሪ ሆኖ ሳሊምን ከደጃፍህ አደረሰው።

ቀጭን ነው፣ ጢሙ ጥጥ መስሏል፣ በሽርጥ ላይ የወፍራም ጨርቅ ኮት ደርቧል። አንቱ ልለው ስጀምር "የወንድሜ ሚስት ነሽ፣ አንተ በይኝ" አለ፤ አማርኛው የመርካቶ ነው፣ ፈጠን ያለ። "ደበላ የታለ?" ሲለኝ ሸምሱ ነው የነገረው። አጥራችን ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። አብሬው አለቀስኩ። ከዚያ በኮቱ እጅጌ ፊቱን ጠርጎ ቀና አለና፣ የጠየቀኝን ጥያቄ ልንገርህ፣ "ጀርባው ዳነለት?" አለኝ።

እኔ ስለ ጀርባህ አልተናገርኩ፣ ሸምሱም አያውቅ። "የቱ ጀርባው?" አልኩት እንደ ሞኝ። በራሱ እጅ የራሱን ትከሻ በስተኋላ እያመለከተ፣ "ሦስት መስመር። ሁለቱ ረጃጅም፣ አንዱ ወደ ጎን የታጠፈ" አለ። ልክ! አንዷ ወደ ጎን የታጠፈች! እልል አልኩ። አዎ፣ እንግዳው እያለቀሰ እኔ እልል አልኩ፤ ሸምሱ ያበድኩ መስሎት ክንዴን ያዘኝ። አላበድኩም፤ ባሌ ሌባ አይደለም! መርከቡም እውነት፣ ባሕሩም እውነት፣ ሳሊምም ይኸው እውነት!

ቆይ፣ አልጨረስኩም። ዋናው ገና ነው።

ቤት አስገብቼ አንጮቴውን በቅቤ አቀረብኩለት። እየበላ፣ አንተ ታወራው የነበረውን ሁሉ አንድ በአንድ ያወራል፣ የቂጣውን፣ የዓሣ ዘይቱን፣ ያን እጅ ማስታጠብህን። እሱንማ ሲያወራ ሳቁ ከእንባው ጋር ተደባለቀ፤ "እኔንም አስታጥቦኛል! ጌታ የሆንኩ መሰለኝ!" ይላል። አንተ የነገርከኝ ቦታ ላይ ሲደርስ እኔ እየቀደምኩ "ከዚያ ናኹዳው በጆሮው አነሳው!" እያልኩ እጨርስለታለሁ። እንዲያ ስንባባል ወደ ውታፉ ደረስን። እኔም ፈጠን ብዬ፣ "ከዚያ ደበላ ውታፉን አላልቶ ውኃውን አፈሰሰ" አልኩ።

ሳሊም እጁን ከሳህኑ አነሳ። "ማን እንዲህ አለሽ?" አለኝ። "እሱ ራሱ ነዋ! ዕድሜ ልኩን ሲነግረን የኖረው" አልኩት። "ለአንቺም? ለሚስቱም?" አለ። "ለእኔም" አልኩ። ያን ጊዜ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነና ነገረኝ።

ውታፉን ያላላው ሳሊም ነው። ያን ቀን በቀትር ለጠላቂዎቹ ውኃ ሲቀዳ ቸኩሎ ሳያጠብቅ ትቶት ሄደ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አጥፍቶ አጎቱ፣ "ሦስተኛ ብታጠፋ ከፊታችን ባለው ባዶ ደሴት ላይ ጥዬህ እሄዳለሁ" ብሎ ምሎበታል። ያ ሰው ከማለ ደግሞ ይፈጽማል፤ ከዚያ በፊት አንድ መርከበኛ እንዲያ ጥሎ ሲሄድ ሁለታችሁም አይታችኋል። በርሜሉ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ናኹዳው ሁለታችሁን አቁሞ "ማን ነው?" አለ። ሳሊም ፈርቶ አፉ አልላቀቅ አለው። አንተ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣህ። "እኔ ነኝ" አልክ።

ናኹዳውም አልጠረጠረም። ለምን ይጠርጥር? የመጀመሪያው ቀን የሃያ ሰው እጅ ያስታጠብከው በውኃ የሚጫወተው የደጋ ልጅ ነህ! ይኼን አስበህ ነው አይደል ወደ ፊት የወጣኸው? እኔ አውቅሃለሁ፣ አስበህ ነው። "እኔን ያምኑኛል" ብለህ ነው። ወይ አንተ ልጅ! ያኔ እኮ አሥራ ሦስት አልሞላህም።

ሦስት ቀን ሁላችሁም ተጠማችሁ፤ ነፋሱ ሞቶ መርከቧ ቆማለች። ጥሬ ዓሣ እየመጠጣችሁ ቆያችሁ። ከሌላ ሰንቡክ ጥቂት ውኃ ሲገኝ ለአንተ አይሰጥ ተባለ፤ ሳሊም በጉንጩ ይዞ እየመጣ አጠጣህ። ይኼ እንዳልከው ነው። በኋላ ሳሊም "ለአጎቴ ልናገር" ሲልህ፣ "ዝም በል። ካሁን ጀምሮ ውኃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ለማንም እንዲህ ነው የምለው፣ አንተም እንዲህ በል" ብለህ አስማልከው። እሱ አጎቱ እስኪሞት በፍርሃት ያዘው። አንተ ግን ማንን ፈርተህ? ናኹዳው የት፣ ነቀምቴ የት! ወንዝ እንጂ ባሕር በሌለበት አገር፣ ሳሊምን የሚያውቅ አንድ ነፍስ በሌለበት፣ ሰው እየሳቀብህ፣ ሚስትህ እያፈረችብህ፣ ሰላሳ ዓመት "እኔ ነኝ" አልክ!

አሁን እንጣላ! ለእኔ እንኳ? አንድ ትራስ ላይ ተኝተን፣ ጀርባህን እያሸሁልህ፣ "አስኩ፣ እንዲህ ነው ነገሩ" ማለት አቃተህ? ተናድጄብሃለሁ። ተናድጄም ኮርቼብሃለሁ፤ ሁለቱ አብረው ሲመጡ ምን እንደሚባል አላውቅም። ከተማው ሁሉ ውሸታም ያለህ ሰውዬ፣ ከሁሉ ታሪክህ ውሸቱ አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ እሱም ጥፋትን ከልጅ ላይ አንስተህ ራስህ ላይ የጫንክበት።

ከዚያ ምን ያደረግኩ ይመስልሃል? ነጠላዬን ሳልደርብ ኦቦ ተርፋሳ ቤት ሄድኩ። "እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔ ቤት ይመጣሉ። የቀሩ እንደሆነ ከዘራዎን እሰብራለሁ" አልኳቸው። ሳቁ፤ ፊቴን ሲያዩ ተዉት። የሳቁብህን ሁሉ ጠራሁ፣ ረስቼው የቀረ የለም፣ የጫልቱን አባት ሳይቀር ጊምቢ ድረስ ልኬ አስመጣሁ። ሳሊም እንዲበላ ብዬ በጉን ሸምሱ አረደልኝ፤ ለእኛ ሌላ አሳረድኩ። ቤቱ ጢም አለ፣ በር ላይ ሰው ቆመ።

ሳሊም ተነስቶ ሁሉንም ተናገረ። ውታፉ ላይ ሲደርስ ሴቶቹ "እምጵ!" አሉ። ሲጨርስ ኦቦ ተርፋሳ፣ መቼስ አመል አይለቅ፣ "ውኃው ግን እውነት ጨው ነው?" ብለው ጠየቁ። ሳሊምም፣ "አባቴ፣ እንደ ሆራችሁ እንዳይመስልዎት። አንድ ጣሳ ቢጠጡ አንጀትዎ ይገለበጣል" አላቸው። ከዚያ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ቆሙ። "ዱጋ ዳ" አሉ፣ እውነት ነው ማለታቸው። "ሌባ ነው ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ቃሌን አነሳለሁ" አሉ። እንደዚያ ያሉ ኩሩ ሰው! ማግስቱን ከሳሊም ጋር መቃብርህ ድረስ ሄደው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ሲቆሙ አይቻለሁ። ምን እንዳሉህ አልሰማሁም፤ አንተ ሰምተሃል።

የልጁን ስም እንግዲህ ገምተሃል። ገላና ነው! ገላና ጉዲና። ያወጡለትም ኦቦ ተርፋሳ ናቸው። አሁን ገበያ ይዤው ስወጣ ሰው "ገላና እንዴት አደረ?" ይለኛል፣ እኔም እንደ ደጃዝማች እናት አንገቴን አቅንቼ "ደህና ነው" እላለሁ።

ሳሊም ማክሰኞ ተሳፍሮ ሄደ። ከሄደ ወዲህ ቤቴ ሰው አይጠፋም። ያ ሁሉ ሲስቅ የኖረ ሕዝብ አሁን ታሪኩን ካልሰማሁ ይላል! ባለፈው እሑድ ኦቦ ተርፋሳ የልጅ ልጆቻቸውን ሁሉ አስከትለው መጡ። እኔም ደስ እያለኝ ከአረቡ ሱቅ ጀምሬ፣ እጅ ማስታጠቡን፣ ውታፉን፣ ገመዱን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንድ ነገር አልዘለልኩም፤ እጄን እንዳንተ እያወናጨፍኩ።

ስጨርስ ትንሿ ልጅ፣ "ከዚያስ? አባ ገላና ከመርከቡ እንዴት አመለጠ? እንዴት ወደዚህ መጣ?" አለችኝ።

ይኼንንስ የሚያውቅ የለም። ሳሊም ከውኃው ነገር አንድ ዓመት በኋላ ምጽዋ ላይ ታሞ ከመርከብ ስለወረደ፣ ሲድን አንተም መርከቧም አልነበራችሁም፤ እሱ አያውቅም። ጉዲና አያውቅም። እኔም አላውቅም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በሠርጉ ዕለት ሳቁ ጋብ ሲል አንተ ቀና ብለህ፣ "ከመርከቡ የወረድኩ ዕለት ደግሞ..." ብለህ ጀምረህ ነበር። "ይብቃህ" ያልኩህ ያን ጊዜ ነው።

አባ ጉዲና፣ የነገርከኝን ሁሉ እይዝልሃለሁ፤ ቂጣውን፣ ሸራውን፣ ውኃውን፣ አንዲት ቃል አይወድቅብኝም። ገላናም ሲያድግ ከእኔ አፍ ይሰማዋል። "ከዚያስ?" ሲለኝ ግን ከራሴ ፈጥሬ አልሞላለትም። "ከዚያ በኋላ ያለውን አያትህ ሊነግረን አፉን ሲከፍት፣ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ" እለዋለሁ።

አስካለህ